ኑሪያ አልተሳሳተችም

የእድራችን ጸሐፊ የአባላት መዝገብ ለማደስ ቤት ለቤት ሲዞር እኔም ጋ መጣ። ስሜን፣ የቤት ቁጥሬንና የልጆቼን ስም ጻፈና ሙያ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጡረተኛ» አልኩት።

«እሱንማ ሰምተናል፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ከዚያ በፊትስ ምን ነበሩ?»

«ሰዎች ኮምፒውተሩ አላስገባም ሲላቸው የማስገባ ነበርኩ።»

እስክሪብቶውን እንደያዘ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ። እኔም አላወቅኩም። በመጨረሻ «የቢሮ ሠራተኛ» ብሎ ጻፈና ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። ይህን ያህል ዘመን ከሠራሁት ነገር ለአንድ መስመር የሚሆን ስም ማጣቴ ገረመኝ። የሥራ ዘመኔን መለስ ብዬ ሳስብ ደግሞ ቀድሞ ፊቴ የሚመጣው ማሽን አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ያስተማሩኝ፣ አንዷ የበደልኳት። የሁለቱ ውለታ አለብኝ። እሱን ሳልናገር ዝም ብዬ መቀመጥ አልፈለግኩም።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጉለሌ፣ ከእናቴ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት በማያስኬድ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ፣ በታይፒስትነት ነው። የጽሕፈት ክፍሉ አለቃ ቀጭን፣ ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ ሰው ነበሩ። ጽፈን የሰጠናቸውን ደብዳቤ ከመጨረሻው ቃል ጀምረው ወደ ላይ ያነቡት ነበር። «ከላይ ወደ ታች ካነበብሽው ዓይንሽ የተጻፈውን ሳይሆን የምታውቂውን ነው የሚያሳይሽ» ይሉኝ ነበር። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ገጹ በሙሉ እንደገና ስለሚጻፍ እኔም ቶሎ ለመድኩት።

በኋላ ፋብሪካው የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ገዛ። ካርቶኑ ለቀናት ሳይከፈት ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሁሉም ሰው ነክቼው ቢበላሽስ ብሎ ፈራ። እኔም ፈርቼ ነበር። አለቃዬ ግን «የጥሩወርቅ ጣት አይሳሳትም» ብለው ስሜን ሰጡ። የኮምፒውተር ሰው የሆንኩት በዚህ ነው። እሆናለሁ ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ፋብሪካው ባለቤት ሲቀይር ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ፋርማሲዎቹ ከተደረደሩበት አለፍ ብሎ፣ አንድ የግል የሕክምና ላቦራቶሪ መዝገብ ያዥ እንደሚፈልግ ሰማሁና አመለከትኩ። ደሞዙ ብዙም አልነበረም፤ ግን ለቤቴ ቅርብ ነው፣ ልጆቼም ገና ትንንሾች ነበሩ። ገባሁ፣ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቱ ዶክተር ሄኖክ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎ የሚበርዱ፣ ሥራቸውን ግን የሚወዱ ሰው ነበሩ። መዝገብ ያዥ ብለው ቀጥረውኝ ዓመት ሳይሞላ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ የኔ ሆነ።

የሕመምተኞች ውጤት መጀመሪያ የሚቀመጠው ምድር ቤት ባለ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ ወደ ክላውድ ተዛወረ። ክላውድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው፦ ሰርቨሩ፣ ማለት ትልቁ ኮምፒውተር፣ የኛ አይደለም፤ ተከራይተነው ነው። የት አገር እንደተቀመጠ እንኳ አናውቅም። የምናገኘው በኢንተርኔት ብቻ ነው። በእጃችን ያለው ፓስወርዱ ብቻ ነው። እሱ አልሠራም ካለ የሰው ውጤት እዚያ እያለ የለም ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ ያስረዳሁት ለኑሪያ ነበር። ኑሪያ እንግዳ መቀበያ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። ቤተሰቦቿ ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ ባለቤቷ አዲሱ ገበያ ሱቅ አለው። የሕመምተኛ ስም አንዴ ከሰማች አትረሳም። ስለ ክላውዱ ነግሬያት ስጨርስ «ታዲያ እትዬ ጥሩ፣ ክረምት ሲገባ አይረጥብብሽም?» ብላ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀችኝ።

ያስተማሩኝ ሰው ደግሞ ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በስልክ ሥራ ላይ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ እኛ ጋ በኮንትራት የሚመጡ፣ ግራጫ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሽማግሌ ነበሩ። ኪቦርድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ወንበር ስበው ይቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ችግር የገጠመው ሰው አጠገባቸው ቆሞ እየተንጨረጨረም ቢሆን እጃቸው ከጉልበታቸው አይነሳም። «ያየሽውን ንገሪኝ፤ የገመትሽውን ለጊዜው ተዪው» ይላሉ። ያልኩትን ከነሰዓቱ በወረቀት ይጽፋሉ። ማውስ ከሰው እጅ ቀምተው አያውቁም። ስህተቱን ቀድመው ቢያዩት እንኳ እኔ እስካገኘው ይጠብቁኛል። እኔ አሁን የማውቀው ሁሉ በገዛ እጄ ያለፈው በዚህ ጠባያቸው ነው።

ወደ ክላውዱ በተዛወርን ሰሞን የሰርቨሩን ፓስወርድ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። በአከራዩ ድርጅት ገጽ ገብቼ አዲስ ፓስወርድ ሰጠሁት። ለራሴ በኢሜይል ከላክኩት መልእክት ላይ ኮፒ አድርጌ ሳስገባው «የተሳሳተ ፓስወርድ» አለኝ። እንደገና ቀየርኩ፤ እንደገና እምቢ አለ። ሦስተኛ ቀየርኩ። ሐሙስ ስለነበር ጋሽ ዘለቀ መጡ፣ ታጠቡ፣ ተቀመጡ።

«የሰጠሽው ፓስወርድ ስንት ፊደል ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«አስገቢውና ነጥቦቹን ቁጠሪልኝ።»

ፓስወርድ ሲጻፍ በፊደሉ ፈንታ ነጥብ ነው የሚታየው። ስክሪኑን በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት።

«አሥራ ሦስተኛውን ማን ጨመረው?» አሉኝ፣ ፈገግ ሳይሉ።

ለካ ከመልእክቱ ኮፒ ሳደርግ መጨረሻ ላይ ያለው ባዶ ቦታ አብሮ ይመጣ ነበር። በእጄ ጻፍኩት፤ ወዲያው ገባ። ደስታዬን ሳልጨርስ ጋሽ ዘለቀ ወረቀታቸውን አጥፈው እንዲህ አሉኝ፦ «መቀየር መድኃኒት አይደለም፣ ጥሩወርቅ። ለምን እንዳልገባሽ ሳታውቂ ከቀየርሽው አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው። ደግሞ በቀየርሽ ቁጥር አሮጌውን የያዘው ሌላ ማን እንደሆነ አስቢ። ሰው ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ማሽንም ይይዛል።»

ይህን በደብተሬ ጽፌው ነበር። መጻፍ ብቻውን ግን አላዳነኝም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከእንግዳ መቀበያ ሠራተኞች አንዷ ሥራ ለቀቀች። የሄደ ሰው የሚያውቀው ፓስወርድ መለወጥ ስላለበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመቀበያውን አካውንት ፓስወርድ ቀየርኩ። ሞከርኩት፣ ገባልኝ። በወረቀት ጽፌ ለኑሪያ ሰጠኋትና ሥራዬን እንደጨረሰ ሰው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኑሪያ ጠራችኝ።

«እትዬ ጥሩ፣ ነይማ። ተቆልፏል ይለኛል።»

«ስንት ጊዜ ሞከርሽ?»

«አንዴ። ገና አንዴ ስጽፍ ነው።»

አላመንኳትም። አካውንቱ የሚቆለፈው አምስት ጊዜ የተሳሳተ ፓስወርድ ሲገባበት ነው፤ ሌባ እየገመተ እንዳይገባ የተደረገ ነው። ደግሞ በዚህ ሥራ ስኖር «አንዴ ነው የሞከርኩት» ያላለኝ ሰው የለም። ዝም ብዬ ከፈትኩላትና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ተቆለፈ። ከፈትኩ። እንደገና ተቆለፈ።

ሰኞ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ቀን ነው። ወንበሮቹ ሞልተው ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ውጤት ይዘው ሐኪማቸው ጋ መድረስ ያለባቸው፣ ጾማቸውን ደም ሰጥተው የሚጠብቁ፣ ልጅ ያዘሉ። ከሽሮ ሜዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ በየአሥር ደቂቃው መስኮቱ ጋ እየመጡ «ልጄ፣ የኔስ ደረሰ?» ይሏታል። ኑሪያ «ትንሽ ይታገሡኝ አባባ» እያለች ትመልሳቸዋለች። ድምፅዋ እየደከመ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ዶክተር ሄኖክ ከክፍላቸው ወጡ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምንድነው? ማነው እያጠፋ ያለው?»

«ኑሪያ ናት» አልኩ። «ፓስወርዱን እየተሳሳተች ደጋግማ ታስቆልፈዋለች።»

ዝግ ብዬ አልተናገርኩም። አዳራሹ በሙሉ ሰምቷል።

ኑሪያ ከወንበሯ ተነሳች። «ዶክተር፣ አልተሳሳትኩም። ወላሂ አልተሳሳትኩም። ወረቀቱን እያየሁ ነው የምጽፈው።»

«እንግዲያው ማን ነው?»

ወደ እኔ ዞረች። አንድ ነገር እንድልላት ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ። ዶክተር ሄኖክም «በቃ፣ እስክንጠራሽ ቤትሽ ቆዪ» አሏት። ሻርፗን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ወጣች።

ሌላ ሠራተኛ በቦታዋ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ አካውንቱ እንደገና ተቆለፈ። ይህን ሳይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ኑሪያ ከሄደች በኋላ የሚቆለፍ ከሆነ ጥፋቱ የሷ አልነበረም ማለት ነው። እኔ ግን ያልኩትን ላለመመለስ ሌላ ነገር ጨመርኩበት። ዶክተር ሄኖክ ሲጠይቁኝ «ምናልባት ተናዳ ከቤቷ በስልኳ እየሞከረች ይሆናል» አልኳቸው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ። እሳቸውም ለአስተዳደሩ የስንብት ደብዳቤ እንዲዘጋጅ ነገሩ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ጋሽ ዘለቀ መጥተው ታጠቡ፣ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ኑሪያ ስልክ ስነግራቸው ብዕራቸው ቆመ።

«ይሄን አይተሻል ወይስ ገምተሻል?»

«ገምቼ ነው» አልኳቸው።

«ሰርቨሩ እምቢ ያለውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል አይደል? እስቲ ክፈቺውና ሰዓቱን ብቻ አንብቢልኝ።»

መዝገቡን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት። ዘጠኝ ከአሥር። ዘጠኝ ከሩብ። ዘጠኝ ከሃያ...» እያነበብኩ ድምፄ ቀነሰ። ቅዳሜ ቀጥሎ እሁድ፣ ቢሯችን ዝግ በሆነበት፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ባለበት ሰዓት ሁሉ አለ። አንድም ጊዜ አልዘለለም። በየአምስት ደቂቃው።

ጋሽ ዘለቀ የጻፉትን ወረቀት ወደ እኔ አዞሩት። ሰዓቶቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል።

«ሰው እንዲህ አይሳሳትም» አሉ። «ሰው ሲሳሳት ይናደዳል፣ ይደጋግማል፣ ትቶት ይሄዳል። ይሄ አይናደድም፣ አይደክምም። ከየት ነው የሚያንኳኳው?»

አጠገቡ ባለው ዓምድ ሙከራው የመጣበት የኢንተርኔት አድራሻ ተጽፏል። እስከዚያ ቅጽበት አላየሁትም ነበር። የኑሪያ ቤት አልነበረም። የራሳችን ሕንፃ ነበር።

ክፍል ለክፍል ዞርን። በመጨረሻ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ ከጓንት ካርቶኖቹ ኋላ፣ ስክሪን የሌለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል አየሁት። የተቀየሩ ውጤቶችን ከሰርቨሩ እየቀዳ መጠባበቂያ እንዲያስቀምጥ ያደረግኩት እኔው ነበርኩ። የሚገባውም በመቀበያው አካውንት ነበር፤ አሮጌውን ፓስወርድ እንደያዘ ነው። ቅዳሜ ከቀየርኩበት ደቂቃ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ሲያንኳኳ፣ አምስት ሲሞላ ሲያስቆልፍ፣ እኔ ስከፍት እሱ መልሶ ሲያስቆልፍ ከርሟል። ኑሪያ ሰኞ ጠዋት አንዴ ብቻ ጽፌ ተቆልፏል አለኝ ያለችውም እውነት ነበር፤ እሷ ሳትመጣ ተቆልፎ ነበር። በኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ የተለጠፈ ወረቀት አለ፦ «አይነካ። ጥሩወርቅ።»

ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ዘለቀ አልተቆጡኝም። አይዞሽም አላሉኝም። «እኔ ዶክተር ጋ አልሄድም» አሉኝ። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ። የምትናገሪውም አንቺ ነሽ።»

ሄድኩ። ዶክተር ሄኖክ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ያልተፈረመ ደብዳቤ አንስተው ቀደዱትና «እኔም ሳልጠይቅ ነው ያባረርኳት» አሉ። «ማታ እደውልላታለሁ። አንቺ ግን በስልክ አይሆንም። ሄደሽ ንገሪያት።»

አዲሱ ገበያ የባለቤቷን ሱቅ ፈልጌ አገኘሁ። ስኳር እየመዘነ ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኩትና ፊቱ ሳይፈታ «ኑሪያ፣ እንግዳ» ብሎ ወደ ጓዳ ተጣራ። እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ደህና ዋሉ?» አለችኝ።

ሁልጊዜ «አንቺ» ነበር የምትለኝ። እንደ ታላቅ እህቷ ነበርኩ። ያን ቀን «እርስዎ» ሆንኩ፤ አክብሮት እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ኑሪያ፣ አልተሳሳትሽም» አልኳት። «እኔ የረሳሁት ማሽን ነው። ጥፋቱ በሙሉ የኔ ነው።» ስለ ስልኩ ያልኩትንም አልደበቅኳት። ባለቤቷ ሚዛኑን አቁሞ ሰማኝ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ» አለች። «አንዴ ነው የጻፍኩት አልኩዎት።»

«ነግረሽኛል።»

«ለምን አላመኑኝም?»

መንገድ ላይ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልሆነም። «ራሴን ከምጠረጥር አንቺን መጠርጠር ቀለለኝ» አልኳት።

እጇን እንደገና ጠረገች። ከዚያ «እኔን የቆጨኝ ቤት መቀመጤ አይደለም» አለች። «ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ነው የወጣሁት። እኒያ ሽማግሌ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁብኝ።»

«ምን ላድርግልሽ?»

«እዚያው ቆመው ይናገሩልኝ። በዚያው ድምፅ።»

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኑሪያ በወንበሯ ተቀመጠች። እኔ ከመስኮቷ አጠገብ ቆሜ፣ ሠራተኛውም ሕመምተኛውም እየሰማ፣ ሰኞ ዕለት ኑሪያን በሐሰት እንደወቀስኳት፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ድምፄን ዝግ አላደረግኩትም። አብዛኛው ሰው ነገሩን ስለማያውቅ ግራ ተጋብቶ አየኝ። ሸማኔው ግን ውጤታቸውን ሊወስዱ ተመልሰው መጥተው ነበር። ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱና «ልጄ፣ እኔም ታዝቤሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ» አሏት። ኑሪያ ያኔ ነው እንባዋ የመጣው።

ያ «እርስዎ» ግን ወራት ቆየ። ሥራዋን በአግባቡ ትሠራለች፣ የጠየቅኳትን ትመልሳለች፣ ከምሳዋ ታካፍለኛለች፤ «እርስዎ» ትለኛለች። አልተቃወምኩም። አንድ ጠዋት ማተሚያው ወረቀት ነክሶባት ሰው ተሰልፎ ሲጠብቃት፣ ከመቀበያው «እትዬ ጥሩ! ነይማ እዪልኝ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ሄድኩ። ወረቀቱን እየጎተትኩ ፊቴን አዙሬ ነበር፣ እንዳታየኝ። እሷም ምን እንዳለች የገባት ይመስለኛል፤ ምንም አላለችም፣ መልሳም «እርስዎ» አላለችኝም።

በዚያው ሰሞን ነው «ያ ሰዓቱ ያለበት መዝገብ የትኛው ነው? አሳዪኝማ» ያለችኝ። ነፃ ያወጣትን ነገር በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነበር። አሳየኋት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ከዚያ ሌላ። ጋሽ ዘለቀም ከሁለታችን መሀል መቀመጥ ጀመሩ። ቆየት ብላ የቅዳሜና እሁድ ኮርስ ተመዘገበች። ዶክተር ሄኖክ ክፍያውን ችለው ከመቀበያ ወደ እኔ ክፍል አዛወሯት። ስለዚያ ሰኞ በቃላቸው ምንም ብለው አያውቁም፤ ይቅርታቸው ይኸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸው እየደከመ መጣና ሥራ አቆሙ። በመጨረሻው ሐሙሳቸው አንድ ነገር ጠየቅኳቸውና «አሁንማ እኔን የምትጠይቂኝ ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም፤ ሰው እንዲኖርሽ ብለሽ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ እኔና ኑሪያ ጎን ለጎን ቆመን አለቀስን።

ከሳቸው በኋላ ካጋጠሙን አንዱን ልንገር። የሰርቨሩን ዋና ፓስወርድ በአከራዩ ገጽ ቀየርን። ገጹ ተሳክቷል አለ፤ ሰርቨሩ ግን አዲሱን አልቀበልም አለ። በድሮ ጠባዬ ቢሆን ደግሜ ደጋግሜ እቀይረው ነበር። ኑሪያ ነጥቦቹን ቆጠረች፤ ትክክል ነው። ኪቦርዱ በአማርኛ እንዳልቀረ አየች። የመግቢያ ስሙን ፊደል በፊደል፣ ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩ። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ «እትዬ ጥሩ፣ ገጹ ላይ በትንሹ የተጻፈችውን አየሻት?» አለችኝ። ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ አዲሱ ፓስወርድ አይሠራም ይላል ጽሑፉ። ሰርቨሩን ማጥፋት ደግሞ ሥራ ማቆም ነው። ስለዚህ አልቸኮልንም። ለሁሉም ክፍል ነገርን፣ ውጤት በእጅ የሚጻፍበትን ቅጽ አደልን፣ አስቸኳይ የሆኑትን አስቀድመን አወጣን። ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍተን አስነሳነው። ገባ። አንድም ሕመምተኛ ነገ ተመለስ አልተባለም፤ አንድም ሠራተኛ በማንም ላይ ጣቱን አልቀሰረም። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ሥራ እሱ ነው። ማንም ስላላወቀው ማንም አላመሰገነንም።

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ከምሳ በኋላ ሁሉም ተሰብስቦ ኬክ ቆረስን፣ ዶክተር ሄኖክ አጭር ንግግር አደረጉ። ከዚያ እኔና ኑሪያ ወደ ክፍላችን ገብተን የቀረውን ሥራ ሠራን። የማውቀው ፓስወርድ ሁሉ መቀየር ነበረበት። ከኮርሱ ጀምራ ያዘጋጀችው ዝርዝር አላት፤ የትኛው ማሽን የትኛውን ቁልፍ እንደያዘ በሙሉ ተጽፏል። እኔ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷ እየጻፈች፣ እየሞከረች፣ አንድ በአንድ እየሰረዘች ሄደች። መጨረሻ ላይ «እስቲ ሞክሪ» አለችኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ።

«ምን ይላል?»

«አላውቅሽም ይላል።»

«እንኳንም» አለች። ተያይተን መሳቅ ጀመርን፤ ከላቦራቶሪው ሰው መጥቶ ምን ሆናችሁ እስኪለን ድረስ ሳቅን።

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ልቀርብ ስል ስልኬ ጠራ። ኑሪያ ናት።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም» አለችኝ። ከኋላዋ የመቀበያው ጫጫታ ይሰማል፤ ሰው በስሙ እየተጠራ ነው። «በአዲሱ ፓስወርድ ሁሉም ሰው ገብቷል። እንድታውቂ ብዬ ነው።»

«አመሰግንሻለሁ፣ ኑሪያ።»

«በይ ቁርስሽን ብዪ» አለችኝና ዘጋችው።